እጅ ቢንቀጠቀጥም ሰው ከማዕድ አይርቅም



የዛሬው የጤና ዓምዳችን ከአንድ ስኒ ቡና ይነሣል። ከጥቂት ወራት በፊት ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ አንድ አባትን ልጠይቅ ወደ በዓታቸው ገብቼ ነበር። ቡና ተቀዳ፤ የእርሳቸው ስኒ ግን ሳይነካ ቀዘቀዘ። «አባታችን፣ አይጠጡም እንዴ?» ብላቸው «ዛሬ አላሰኘኝም» አሉኝ። ዐይኔ እጃቸው ላይ ማረፉን ሲያዩ ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ሸፈኑት። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ እጄ ከዳኝ። ከቅዳሴ ከራቅሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዕርፈ መስቀሉን ይዤ አንዲት ጠብታ ብትወድቅስ? ከማኅበር ማዕድም ቀርቻለሁ፤ ወጡ ከእጄ እየፈሰሰ ከሰው ፊት መቀመጥ አልቻልሁም። ሰው ደግሞ ‘ታሟል’ አይልም፤ ‘ይጠጣል’ ይላል።»

እኒህ አባት መጠጥ የሚባል ቀምሰው አያውቁም። ሐኪም ዘንድም አልሄዱም ነበር፤ «የእርጅና ነገር ነው፣ ምን ይደረግለታል?» ብለው በበዓታቸው ተቀመጡ። ስማቸውን ሳልጠቅስ ታሪካቸውን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ፣ በእርሳቸው አነጋገር፣ «ሌላው እንደ እኔ ዓመት ሙሉ እንዳይደበቅ» ብለው ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ስለዚህ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች «ኤሴንሻል ትሬመር» ይሉታል። በቀጥታ ሌላ ሕመም ያላመጣው፣ ራሱን የቻለ መንቀጥቀጥ ማለት ነው። ስያሜው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያን የመጣ ሲሆን፣ ፒዬትሮ ቡሬሲ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1874 በዚህ ስም ጽፎበታል።

ዋና ጠባዩ፣ መንቀጥቀጡ እጅ ሥራ ሲይዝ መታየቱ ነው። እጅ በጉልበት ላይ አርፎ ሳለ ጸጥ ይላል፤ ስኒ ሲነሣ፣ ማንኪያ ወደ አፍ ሲሄድ፣ ብዕር ሲያዝ፣ ቁልፍ ወደ በር ሲገባ፣ ወይም እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ ሲቆይ ይነሣል። በሰከንድ ከ4 እስከ 12 ጊዜ የሚመላለስ፣ ምት ያለው እንቅስቃሴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እጆች ይይዛል፤ አንደኛው ግን ከሌላው ሊብስ ይችላል። በአንዳንዶች ራስን «አይደለም» ወይም «አዎን» እንደሚል ሰው ያነቃንቃል። ድምፅንም ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፤ ዜማ ለሚያዜሙ አባቶችና ዲያቆናት ይህ ከእጁ መንቀጥቀጥ የማያንስ ፈተና ነው።

ሕመሙ ብርቅ አይደለም። በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ ከ100 ሰዎች 1 ያህሉ፣ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ካለፈው መካከል ደግሞ ከ100 ሰዎች 4 ወይም 5 ያህሉ አለባቸው ተብሎ ይገመታል። ይሁን እንጂ የሽማግሌዎች ብቻ አይደለም፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚጀምራቸውም አሉ። በጊዜ ብዛት ቀስ በቀስ ይጨምራል እንጂ በአንድ ጀምበር አይመጣም።

ምንጩ አንጎል ውስጥ ነው። ከራስ ቅል በስተኋላ በታች ያለው «ሴሬቤለም» የተባለው ክፍል እንቅስቃሴን ይመጥናል፤ መልእክቱም በመካከል ባለው «ታላመስ» በኩል ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ የሚመላለሰው መልእክት ሲዛባ እጅ ምት እየጠበቀ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ነገሩ የፈሪነት፣ የእምነት ማነስ ወይም የተደበቀ መጠጥ ምልክት አይደለም።

በዘርም ይወርዳል። ከሕመምተኞቹ ግማሽ ያህሉ በቤተሰባቸው ውስጥ እጁ የሚንቀጠቀጥ ዘመድ አላቸው። በዘር በሚተላለፍባቸው ቤተሰቦች ሕመሙ ካለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፉ ዕድል ግማሽ በግማሽ ሊሆን ይችላል። አባታችን ሐኪሙ ሲጠይቃቸው ለሃምሳ ዓመት ያላሰቡት ነገር ትዝ አላቸው፦ «እናቴም ቡና ስትቀዳ ረከቦቱን ታጥለቀልቀው ነበር። እኛ ልጆች እንስቅባት ነበር።»

ከፓርኪንሰን በምን ይለያል?

እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው ፓርኪንሰንን ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 የገለጸው ያ ሕመም ከዚህኛው የተለየ ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

በፓርኪንሰን እጅ የሚንቀጠቀጠው በተለይ ሲያርፍ ነው፤ ሥራ ሲጀምር ጋብ ይላል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው እየተፋተጉ ይንቀሳቀሳሉ። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምራል። ከመንቀጥቀጡ ሌላ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ሰውነት ይገተራል፣ ሲሄዱ አንዱ ክንድ አይወዛወዝም፣ ፊት ስሜቱን መግለጽ ይቀንሳል፣ የእጅ ጽሕፈት እያነሰ እያነሰ ይሄዳል፤ ማሽተትም ሊደክም ይችላል። በኤሴንሻል ትሬመር ግን ጽሕፈቱ ተለቅ ብሎ የሚወዛወዝ ነው እንጂ አይጠብም፤ አካልም አይገተርም።

ይህ መለያ ለሐኪም መናገሪያ ይሁናችሁ እንጂ ለራስ ፍርድ መስጫ አይሁን። ሁለቱ ምልክቶች ተቀላቅለው የሚታዩባቸው ሰዎች ስላሉ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የነርቭ ሐኪም ነው።

ሌሎች ምክንያቶችም አሉ

ሰው ሁሉ ጥቂት ይንቀጠቀጣል። ብርድ፣ ድንጋጤ፣ ረኃብና ድካም ያንኑ ያጎሉታል። ከዚህ የበለጠ መንቀጥቀጥ ሲታይ ግን «ኤሴንሻል ነው» ከማለት በፊት መጣራት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ክብደት ይቀንሳል፣ ልብ ይመታል፣ ሙቀት አይቻልም። የደም ስኳር ሲወርድም እንዲሁ ነው። ሕመሙ በወጣትነት የጀመረው ሰው፣ ሰውነቱ መዳብ ማስወገድ የሚያቅተው «ዊልሰን» የተባለ በሽታ እንደሌለበት መመርመር ይኖርበታል።

መድኃኒቶችም እጅ ያንቀጠቅጣሉ። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮይክ አሲድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም፣ ለልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ማስታወክን የሚያቆመው ሜቶክሎፕራማይድ ደግሞ ፓርኪንሰንን የሚመስል ምልክት ሊያመጣ ይችላል። ይህን በማንበብ ማንም መድኃኒቱን በገዛ እጁ እንዳይተው አደራ እላለሁ፤ የምትወስዱትን ሁሉ ጽፋችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ።

ለመጠበቅ ጊዜ የማይሰጥ ምልክትም አለ። መንቀጥቀጡ በድንገት ከመጣ፣ የአንድ ወገን ክንድ ወይም እግር ከሰነፈ፣ አፍ ከተጣመመ፣ አነጋገር ከተኮላተፈ፣ ወይም ራስ ከተመታ በኋላ ከጀመረ፣ ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ አገር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 101 ነው፤ ሳትዘገዩ ደውሉ፣ ወይም አጠገባችሁ ያለው ሰው እንዲደውል አድርጉ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

ለዚህ ሕመም ማረጋገጫ የሚሆን የደም ምርመራም ሆነ የራጅ ምስል የለም። የደም ምርመራው ሌሎቹን ምክንያቶች ለማስወገድ ነው፤ ሕመሙ የሚታወቀው ግን በታሪኩና ሐኪሙ በዐይኑ በሚያየው ነው። እጃችሁን እንድትዘረጉ፣ ጣታችሁን ከአፍንጫችሁ ወደ እርሱ ጣት እንድታመላልሱ፣ ውኃ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እንድትገለብጡ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚጠቀለል መስመር እንድትስሉና አንድ ዐረፍተ ነገር እንድትጽፉ ይጠይቃችኋል። እጅን አጥብቆ ለመያዝ መታገል አያስፈልግም፤ ሐኪሙ ሊያይ የሚፈልገው በየቀኑ የሚያስቸግራችሁን ነው። መንቀጥቀጡ ቢያንስ ለ3 ዓመት የቆየ መሆኑም ከመለያዎቹ አንዱ ስለሆነ፣ መቼ እንደ ጀመረ አስቡበት።

እዚህ ነዋሪ የሆናችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጤና መድን ካላችሁ፣ መጀመሪያ ወደ ቤተሰብ ሐኪማችሁ ሂዱ፤ ወደ ነርቭ ሐኪም የሚመራችሁ እርሱ ነው። ቋንቋው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፦ አንድ ሰው በእጅ ስልክ ይቅረጻችሁ፤ መጀመሪያ እጃችሁ በጉልበታችሁ ላይ አርፎ፣ ቀጥሎ ውኃ ስትቀዱ። ይህ አጭር ምስል አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ብዙ ይናገራል።

በመንገድ ላይ ያላችሁ ምእመናን ደግሞ የተሳላሚ የጉዞ መድን በአብዛኛው ለድንገተኛ ሕመም እንጂ ለቆየ ሕመም ክትትል እንደማይውል አስቡ። ምርመራውን በአገራችሁ ጀምሩ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ለሙሉው ጉዞ የሚበቃ አድርጋችሁ፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣችሁ ያዙ። በማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ የንግድ ስም ብቻ ሳይሆን ዋናው ስሙ ይጻፍ። ለምሳሌ በሌላ አገር «ኢንደራል» በሚባል ስም የሚታወቀው ፕሮፕራኖሎል እዚህ «ደራሊን» ተብሎ ይሸጣል።

የሚያብሰውና የሚያሽለው

እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ ጭንቀትና ብርድ ያብሱታል። ከሌሊት ማኅሌት በኋላ ጠዋት እጁ የሚብስበት አገልጋይ ከንቱ ምክንያት እየፈጠረ አይደለም። ሰው እያየኝ ነው ብሎ ማሰብም ያብሰዋል፤ ብቻ ሲሆኑ ያለ ችግር የሚጠጡት ቡና በሰው ፊት ይፈስሳል። ሕመምተኛው መደበቅ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቡና በብዙዎች ላይ ያብሳል፣ በአንዳንዶች ላይ ግን ለውጥ አያመጣም። በኢየሩሳሌም ከተማ ከሄል ጋር የሚፈላው ወፍራም ቡና ደግሞ ብርቱ ነው። ለሁለት ሳምንት ቀንሳችሁ እዩት፤ ካልተሻላችሁ ቡናችሁን አትንፈጉ። ጠንካራ ሻይም እንዲሁ ነው።

ጾምን በተመለከተ፣ ባዶ ሆድ መንቀጥቀጥን ሊያጎላ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ ወይም ከዚህ በታች የምንጠቅሰውን ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው፣ ጾሙን እንዴት እንደሚይዝ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይመካከር። መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ዓይነት ሊሆን ይችል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ የጾምን ሰዓት ለሚጠብቅ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ስለ መጠጥ በግልጽ እናገራለሁ፤ ሐሜቱም አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ነውና። የአልኮል መጠጥ ከሕመምተኞቹ ግማሽ በሚሆኑት ወይም ከዚያ በላይ በሚሆኑት ላይ መንቀጥቀጡን ለጥቂት ሰዓታት ያረጋጋል። ይህ እውነት ነው፤ ሐኪሞችም ስለሚያውቁት ይጠይቁበታል። ነገር ግን ኃይሉ ሲያልፍ መንቀጥቀጡ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል። ዛሬ ሰው ፊት ለመቅረብ አንድ መለኪያ የወሰደ፣ ነገ ሁለት ይፈልጋል። እንዲህ ሆኖ ያልጠጣው ሰው በሐሜት የተባለውን ወደ መሆን ሊደርስ ይችላል። አረቄ መድኃኒት አይደለም። በዚህ መንገድ የጀመራችሁ ካላችሁ ሳታፍሩ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ለብዙ ጊዜ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሲያቋርጥም አደጋ ስላለው ያለ ሐኪም ምክር አታቁሙ።

መድኃኒት

ሕመሙን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም፤ የሚቀንሱት ግን አሉ። መንቀጥቀጡ ሥራ የማያስተጓጉል ከሆነ መድኃኒት ላያስፈልግም ይችላል። ስሙን ማወቅና ፓርኪንሰን አለመሆኑን መረዳት ብቻ የሚበቃቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

በቀዳሚነት የሚሰጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ፕሮፕራኖሎል፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚሰጥ የቆየ መድኃኒት ነው። ከሚወስዱት ግማሽ ያህሉ እፎይታ ያገኙበታል። አስም ላለበት፣ የልብ ምቱ ለዘገየ ወይም አንዳንድ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቀውን የልብ ምት ሊሸፍንበት ይችላል። በድንገት ማቋረጡም ለልብ አደገኛ ነው። ሁለተኛው ፕሪሚዶን፣ በመጀመሪያ ለሚጥል በሽታ የተዘጋጀ ነው። በጥቂቱ፣ በመኝታ ሰዓት ይጀመራል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ፣ ማዞርና መንገዳገድ ሊያመጣ ይችላል። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ሳይነግር መጀመር የለበትም። እነዚህ ካልሠሩ እንደ ቶፒራሜት ያሉ ሌሎችም አሉ። ለራስና ለድምፅ መንቀጥቀጥ በጡንቻ ውስጥ የሚወጋ ቦቱሊነም የሚረዳቸው አሉ።

ፕሪሚዶን የጀመራችሁና በዴር ሱልጣን የምትኖሩ፣ ወይም ከዚያ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል በኩል ወደ ታች የምትወርዱ ሁሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረጃውን ግድግዳ እየያዛችሁና ከሰው ጋር ሆናችሁ ውረዱ። ጠበል የሚጠመቁና የሚጠጡ ምእመናንም መድኃኒታቸውን በድንገት እንዳያቋርጡ አደራ እንላለን፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

መድኃኒት ሳይበቃ ሲቀር

እጃቸው ምግብ እስከ መከልከል የደረሰባቸው ሰዎች ሌላ መንገድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ ሐኪሙ አሊም ሉዊ ቤናቢድና ባልደረቦቹ ቀጭን ሽቦ ወደ ታላመስ አስገብተው በኤሌክትሪክ ምት መንቀጥቀጥን ማብረድ ጀመሩ። ዛሬ ይህ ቀዶ ሕክምና በብዙ አገሮች ይሰጣል፤ ሽቦው ከደረት ቆዳ ሥር ከሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ ጋር ይገናኛል።

ሁለተኛው መንገድ የራስ ቅል ሳይከፈት የሚሠራ ነው። ሕመምተኛው በኤም አር አይ መሣሪያ ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ከብዙ አቅጣጫ የተላኩ የአልትራሳውንድ ሞገዶች በታላመስ አንዲት ነጥብ ላይ ተገናኝተው ያሞቋታል፤ መንቀጥቀጡን የምታመላልሰውን ያቺን ነጥብ ያቃጥሏታል። በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። መሣሪያውን የሠራው ኩባንያ በዚሁ አገር በሐይፋ አጠገብ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሐይፋ ያለው ራምባም ሆስፒታልም ሕክምናውን ይሰጣል። የራስ ፀጉር ሙሉ በሙሉ መላጨት ግድ ስለሆነ መነኮሳት ይህን አስቀድመው ይወቁት። መደንዘዝና መንገዳገድ ሊያስከትል ይችላል፤ ለሁሉም ሰው የሚሆንም አይደለም። ሁለቱም መንገዶች መድኃኒት ተሞክሮ ላልረዳቸው ናቸው።

በየዕለቱ የሚረዳ

ትልቁ ጥቅም ብዙ ጊዜ ከትንሹ ነገር ይገኛል። ስኒውንና ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ ቅዱ። በሁለት እጅ ያዙ፤ ክርናችሁን ከጎናችሁ ወይም ከገበታው ላይ አስደግፉ፤ ክንድ ከአካል በራቀ መጠን መንቀጥቀጡ ይበዛልና። ከበድ ያለ ኩባያና እጀታው ወፍራም የሆነ ማንኪያ ከቀላሉ ይሻላሉ። ለሾርባ ከዝርግ ሳህን ይልቅ ጎድጓዳውን ምረጡ። መጠጫ ቀሰም መጠቀም ነውር አይደለም። ለመጻፍ ወፍራም ብዕር ያዙ፤ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ከባድ ነገር ይጫንበት። ብዙ ጽሕፈት ያለበት ሰው እጁ በሚሻለው ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ካረፈ በኋላ፣ ይጻፍ።

በትንሣኤ ዋዜማ በዴር ሱልጣን ጣሪያ ላይ ብርሃን ሲታደል፣ እንዲሁም በሌሎች በዓላት በተጨናነቀ ስፍራ፣ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ምእመናን የበራውን ጧፍ በባዶ እጅ አትያዙ። በመስታወት መያዣ ውስጥ አድርጉት፣ ወይም አጠገባችሁ ላለው ወጣት አስይዙትና እናንተ እጃችሁን በእጁ ላይ አድርጉ። የነጠላ ጫፍ በቀላሉ እሳት ይይዛል።

በቤተ መቅደስ ውስጥ ስላለው አገልግሎት፣ ማን ምን ይያዝ የሚለውን የሚወስኑት አባቶች ናቸው፤ የጤና ዓምድ በዚያ አይገባም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሕመሙ ያለበት አገልጋይ በራሱ ፈርዶ ከመራቁ በፊት ለአስተዳዳሪው አባት ይንገር። ጽዋዕ ለመያዝ የሚቸገር እጅ መጽሐፍ ለመግለጥ፣ ለማስተማር፣ መስቀል ለማሳለም አይቸገርም ይሆናል። ይህ የሚታወቀው ግን ሲነገር ነው።

ስለ አንድ ጸሐፊ

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር፣ በዉስተር ካቴድራል የመጻሕፍት ቤት የሚሠራ አንድ ጸሐፊ ነበረ። ስሙ አልተጻፈም፤ ብዙ ሊቃውንት መነኩሴ እንደ ነበረ ያምናሉ። የሚታወቀው «የዉስተር የሚንቀጠቀጥ እጅ» በሚል ስም ነው፤ በብራና ላይ የተዋቸው ፊደላት ሁሉ ይወዛወዛሉና። የአገሩ ጥንታዊ ቋንቋ በዘመኑ ለብዙዎች የማይገባ ሆኖ ነበር። ይህ ሰው ወደ 20 በሚደርሱ መጻሕፍት ውስጥ፣ በመስመሮቹ መካከልና በኅዳጉ፣ ወደ 50,000 የሚደርሱ የቃላት ፍቺዎችን አብዛኛውን በላቲን ጻፈ። የግእዙን ቃል በአማርኛ እየፈታ በኅዳግ ለሚጽፍ የእኛ ሊቅ ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታሪክ ተመራማሪዋ ዴቦራ ቶርፕና የነርቭ ሐኪሟ ጄን አልቲ የጽሕፈቱን ውዝዋዜ መርምረው፣ ሕመሙ ኤሴንሻል ትሬመር እንደሚመስል «ብሬን» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ዛሬ የጥንቱን እንግሊዝኛ የሚያጠኑ ሰዎች ያን እጅ ያመሰግኑታል። ፕሮፕራኖሎል አልነበረውም፤ ሐኪም የሚለው ስምም አልነበረውም። ነገር ግን ብዕሩን አልጣለም፤ ባልደረቦቹም መጻሕፍቱን ከእጁ አልነጠቁም።

ለማኅበረሰባችን

የመጨረሻው ቃሌ ሕመም ለሌለባችሁ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ስታዩ «ምን ሆንህ?» ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁ። ስኒውን ከእጁ አትንጠቁ፤ ሲቀዳለት ግማሽ ብቻ ቅዱለት፣ ነገሩን እንዳላዩ ሁኑ። ሲፈስበት አትሽቆጥቆጡ፤ ጨርቅ ማቀበል ይበቃል። በማኅበር ማዕድ ከጎኑ ተቀመጡ። ስለ መጠጥ የሚወራውን ስትሰሙ ደግሞ ወሬውን እዚያው አቁሙት። የመንቀጥቀጡ ምክንያት ብዙ መሆኑን ከእንግዲህ ታውቃላችሁ።

ያ አባት ዛሬ እንዴት ናቸው? የታይሮይድና የስኳር ምርመራቸው ደኅና ሆነ። የነርቭ ሐኪሙም ፓርኪንሰን አለመሆኑን ነገራቸው፤ ያን ዕለት፣ እንዳሉኝ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ተኙ። በአነስተኛ መጠን መድኃኒት ጀመሩ። እጃቸው ቀነሰ እንጂ አልቆመም፤ ሐኪሙም እንደሚቆም ቃል አልገባላቸውም ነበር። ከአስተዳዳሪው አባት ጋር ተነጋግረው የትኛውን አገልግሎት እንደሚይዙ ተስማሙ፤ ዕርፈ መስቀሉን ሌላ አባት ይይዛል፤ እርሳቸው ደግሞ ለወጣቶቹ ዲያቆናት ንባብ ማስተማር ጀመሩ። ወደ ማኅበር ማዕድም ተመልሰዋል።

ባለፈው ሳምንት ዳግመኛ ልጠይቃቸው ገባሁ። ቡና ተቀዳ፤ የእርሳቸው ስኒ እስከ ግማሽ ነበር። ክርናቸውን በጎናቸው አስጠግተው በሁለት እጃቸው አነሡት። አንዲት ጠብታ በጋቢያቸው ላይ ወደቀች። «እናቴን አሳሰበችኝ» ብለው ፈገግ አሉና የቀረውን ጠጡት።

እስከሚቀጥለው እትም በጤና ያቆየን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።